ባለ 15 ኢንቹ ቀላል ላፕቶፕ፦ ለመስክ ሥራ ይሆናል ወይስ ቤት ይቅር?

የሰቃ መንገደኛ | ግንቦት 9 ቀን 2017፣ ምሽት 2:10

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የምጽፈው ከጅማ ነው። ላፕቶፕ ልገዛ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስወላውል ከረምኩ፤ እስቲ እናንተ ገላግሉኝ።

ሥራዬ ግማሹ መንገድ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ወደ ሰቃ ጨቆርሳ፣ ወደ አጋሮ፣ አንዳንዴም ጌራ ድረስ እወጣለሁ። ከጤና ጣቢያዎች መረጃ እንሰበስባለን፤ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ አጸዳዋለሁ። በዚያ ላይ ያላለቀ የማስተርስ ቲሲስ አለብኝ። ኤክሴል፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ፣ ዎርድ፣ ክሮም፤ ከዚህ አያልፍም። ጌም አልጫወትም፣ ቪዲዮ አልሠራም።

መጀመሪያ የነበረኝ ባለ 15.6 ኢንች ነው። ስክሪኑ ደስ ይላል፤ ግን ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ትከሻዬን ጨረሰው። ቀጥሎ ቢሮ ባለ 13 ኢንች ሰጡኝ። እሱ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ መኖሩንም እረሳዋለሁ። ግን 40 ኮለም ያለው ሠንጠረዥ ስከፍት አንገቴ እንደ ኤሊ ይወጣል። ማታ ማታ ዓይኔ ውኃ ያዝላል።

አሁን ልቤ ያረፈው ባለ 15 ኢንቹ የአፕል ማክቡክ ኤር ላይ ነው፤ መጋቢት ላይ የወጣው ባለ ኤም 4 ቺፑ። ፈረንጅ አራዳ አንድ ሱቅ ገብቼ አንስቼ አየሁት። ስክሪኑ የድሮዬን ያህላል፣ ክብደቱ ግን ግማሽ መሰለኝ። ባለሱቁ ዋጋውን ሲጠራ በቀስታ መልሼ አስቀመጥኩት። የአክስቴ ልጅ ሐምሌ ላይ ከአሜሪካ ይመጣል፣ በእሱ ላስይዘው አስቤያለሁ።

ፍራቻዬ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያነሱት ነገር ሁሉ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ስሸከመውስ? ደግሞ ማክ ነክቼ አላውቅም። ባለ 13ቱን ወስጄ ቤት ሞኒተር ብገዛ አይሻልም የሚሉኝም አሉ። ያያችሁትን ንገሩኝ።

ቡና ሚዛን | ግንቦት 9፣ ምሽት 2:52

እህቴ፣ እኔ ያንኑ ዕቃ ሁለት ዓመት ልይዘው ምንም አልቀረኝም። የመጀመሪያውን፣ በ2023 የወጣውን ኤም 2።

የምሠራው ቡና መጋዘን ነው፤ ሚዛን አይቸግረኝም። ጽሑፍሽን ሳነብ ተነሥቼ ላፕቶፑን ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። 1.5 ኪሎ፤ ኩባንያው 1.51 ይላል፣ አልዋሸም። የእህቴን ባለ 13ቱንም ተውሼ አስቀመጥኩት፤ 1.24። ልዩነቱ 270 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ቡናና አንድ እፍኝ የማይሞላ ምራቂ። በሩብ ኪሎ ቡና ትከሻው የወለቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ክብደቱን ተዪው። አንቺን የሚያሳስብሽ ስፋቱ ነው። ወደ ጎን 34 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ታች 24 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ውፍረቱ 1.15 ሴንቲ፣ እሱ ምንም። ባለ 13ቱ 30 በ21.5 ነው። አራት ሴንቲ ምን አላት ትዪኝ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሆነሽ ለሁለት በተሠራ ወንበር ስትቀመጪ አራቷን ሴንቲ ታውቂያታለሽ።

እኔ ከመግዛቴ በፊት ያደረግኩትን ልንገርሽ፤ ሰው ስቆብኛል። ካርቶን በልኩ ቆረጥኩ፣ 34 በ24። ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፣ ከጎኑ አንድ ኪሎ ተኩል ጥሬ ቡና። ለሳምንት ይዤው ዞርኩ። በምቀመጥበት ሁሉ ካርቶኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። የሚበቃበትንና የማይበቃበትን በሳምንት ውስጥ ለየሁ። ብር ከመክፈልሽ በፊት ሞክሪው። ቡና ካጣሽ መጋዘን ብቅ በዪ፣ አበድርሻለሁ።

የአዌቱ ዳር | ግንቦት 9፣ ምሽት 3:05

ጅማ ተቀምጣ ቡና የምታጣ ሴት? ሃሃ።

ሂሳብ ሹሙ | ግንቦት 9፣ ምሽት 3:40

አንድ ነገር ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ባለ 15 ኢንቹ ኤር ከጎኑ የቁጥር ሰሌዳ የለውም። ስክሪኑ ሰፍቶ ኪቦርዱ ያው የባለ 13ቱ ነው፤ በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ትተው ድምፅ ማጉያ ሞልተውበታል። ስድስት ድምፅ ማጉያ! መዝሙር ቤት ልትከፍቺ ነው?

ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለምታስገቢ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቀኝ እጄ ሳላይ ነው 7፣ 8፣ 9ን የሚያገኘው። ከላይ ባለው ረድፍ አስገባ ብትለኝ ሥራዬ በግማሽ ይቀንሳል።

ትልቅ ስክሪንና ቀላል ክብደት ከፈለግሽ ኤልጂ ግራም የሚባል ላፕቶፕ አለ። ባለ 17 ኢንቹ 1.35 ኪሎ ነው። አዎ፣ 17 ኢንች፤ ከባለ 15ቱ ማክ ይቀላል። የቁጥር ሰሌዳ አለው፣ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ፍላሽ እንዳለ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው፣ ዊንዶውስ ነው። ማኩ ሁለት ትንንሽ ዩኤስቢ ሲ፣ የቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ በፍላሽ ውሰጂ ሲሉሽ ማስቀየሪያ ስትፈልጊ ይታየኛል።

ቡና ሚዛን | ግንቦት 9፣ ምሽት 3:58

ግራም ጥሩ ነው፣ አልክድም። አንድ ጓደኛዬ አለው። ግን ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዘህ ስትከፍተው ይወዛወዛል፤ ኪቦርዱን ጠበቅ አድርገህ ስትመታ መሐሉ ጎበጥ ይላል። ጥንካሬ የለውም አላልኩም፤ ግን በእጅህ ስትይዘው አታምነውም። 17 ኢንች ይዘህስ ባጃጅ ውስጥ የት ልታደርገው ነው? ጣሪያ ላይ?

የቁጥር ሰሌዳውን በተመለከተ ልክ ነህ፣ እሱ ያናድዳል። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሰሌዳ ገዝቼ ነው የገላገልኩት።

ኪቶ ፉርዲሳ 4ኛ ዓመት | ግንቦት 9፣ ምሽት 4:20

ሠላም። እኔ ሲቪል ምሕንድስና ነኝ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ካምፓስ። ዶርማችን ውስጥ አንድ ልጅ ዘመዱ ማክ ልኮለት ነበር። ቆንጆ ነው፣ ሁላችንም ከበን አየነው። የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራሞቻችንን ሲጭን፣ ኢታብስ እምቢ። ሬቪት እምቢ። አውቶካድ ብቻ የማክ ስሪት ስላለው ሠራ። ድሮ በኢንቴሎቹ ማኮች ላይ ዊንዶውስ ከጎን ይጫን ነበር፤ ኤም ቺፕ ከመጣ በኋላ ያ መንገድ ተዘግቷል፣ ማክ ውስጥ ዊንዶውስ በሚያስከፍተው ፓራለልስ በኩል ካልሆነ። በመጨረሻ ሸጦ ዊንዶውስ ገዛ።

ለአንቺ ግን ይለያል። ኤስፒኤስኤስ ማክ ላይ አለ። ስታታም አለ። ኤክሴልም አለ፣ ፓወር ፒቮት ብቻ የለውም። አክሰስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ግን ጭራሽ የለም። ሌላ ምን ትጠቀሚያለሽ? ጤና ላይ ያሉ ልጆች ኤፒዳታ 3.1 ሲሉ እሰማለሁ። እሱ የዊንዶውስ ነው።

የሰቃ መንገደኛ | ግንቦት 10፣ ጠዋት 1:15

ወይ ጉድ። ኤፒዳታን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ቲሲሴ ላይ ዳታ ያስገባሁት በእሱ ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ኤስፒኤስኤስ የማወጣው። አማካሪዬ ሌላ አይቀበልም። ገለቶሚ፣ ወንድሜ።

የጤና ጣቢያዎቹ ሪፖርት ግን ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው፤ እሱ በብሮውዘር ስለሚከፈት ችግር የለውም።

ሂሳብ ሹሙ፣ መዝሙር ቤት የሚለው አስቆኛል። ግን እውነት ነው፣ የቁጥር ሰሌዳውን አላሰብኩትም ነበር።

ጸሐፊዋ | ግንቦት 10፣ ጠዋት 3:30

ስለ አማርኛው ማንም አላነሣም። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የምትጽፊ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነው።

ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ማክ ላይ ኪማን የሚባለውን መጻፊያ ጭነሽ በእሱ ትጽፊያለሽ፤ ፊደል የሚመታበት ዘዴ ትንሽ ይለያል፣ በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። አዲስ ለሚጻፈው ችግር የለም። ችግሩ የቆየው ነው። በየወረዳው በድሮ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ የዩኒኮድ ያልሆነው፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። እኔ አንዴ የስድስት ገጽ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ሆኖ መጥቶልኝ ከወረቀቱ እያየሁ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ይሄ ማክ ብቻ ላይ አይደለም፣ ፎንት የሌለው ዊንዶውስም ያው ነው። ማክ ላይ ግን ከጎንሽ ፎንቱን በፍላሽ የሚሰጥሽ ሰው አታገኚም።

በቁቤ ለሚጻፈው ምንም ችግር የለም፣ እሱ የትም ይከፈታል።

ዩዝድ ይሻላል | ግንቦት 10፣ ቀን 6:10

ሰዎች ግን ደኅና ናችሁ? ለኤክሴል 1,199 ዶላር?

ቁጭ ብለን እናስላ። ባለ 15ቱ ኤም 4 መነሻው 1,199 ነው፣ ባለ 13ቱ 999። ልዩነቱ 200 ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሳይለቀቅ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ያኔ 200 ዶላር 11 ሺህ ብር ምናምን ነው። ዛሬ ከ130 በላይ ነው፤ 26 ሺህ ብር አለፈ። ለሁለት ኢንች! ይሄ በባንክ ዋጋ ነው፤ የአሜሪካን ታክስ ገና አልደመርኩም።

ደኅና ዩዝድ የዴል ላቲቲዩድ ወይ የኤችፒ ኤሊትቡክ ግዢ፣ በተረፈው ሞኒተር ጨምሪ። ራሙ ይጨመራል፣ ኤስኤስዲው ይቀየራል፣ ባትሪው ይገኛል። ማኩ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ የገዛሽውን ይዘሽ ታረጂያለሽ። ብቻ ስትገዢ ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከዚያ በታች ያለው ኢንቴል ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ያበቃል።

መብራት ጠባቂ | ግንቦት 10፣ ምሽት 1:45

ሞኒተር ግዢ የምትሉ ሰዎች የት ሰፈር ነው የምትኖሩት? እኔ ጅሬን መውጫ ነኝ። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር አለኝ። መብራት ሲጠፋ ጌጥ ነው። ሪፖርት የሚያስፈልገው ደግሞ ምን ጊዜም መብራት በጠፋበት ማታ ነው።

ለእኔ የትልቅ ስክሪን ላፕቶፕ ጥቅሙ እሱ ነው፤ ሞኒተሩ የራሱ ባትሪ አለው እንደ ማለት።

ባትሪ ላይ አንድ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የባለ 15ቱ ባትሪ ከባለ 13ቱ ይበልጣል፣ 66.5 ዋት ሰዓት ነው፤ የባለ 13ቱ 53.8። ሰው ይሄን አይቶ ትልቁ ብዙ ይቆያል ይላል። አይቆይም። ስክሪኑ ትርፉን ይበላዋል። ኩባንያው ራሱ ለሁለቱም ያው 18 ሰዓት ቪዲዮ ነው የሚለው። የእኔ ባለ 15 ኢንች ክሮምና ኤክሴል ተከፍቶ ስክሪኑ ደመቅ ብሎ አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ጠዋት ሞልቼ ወጥቼ ማታ ስገባ ሩብ ይተርፈኛል። ይሄ ለእኔ በቂ ነው።

ሌላው ፓወር ባንክ። ዩኤስቢ ሲ ስለሚቀበል በፓወር ባንክ ይሞላል። ግን የስልኩ ዓይነት አይደለም። ፒዲ የሚል (በዩኤስቢ ሲ ብዙ ኃይል ይሰጣል ማለት ነው) ተጽፎበት 30 ዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ መሆን አለበት። ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚባለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ላፕቶፑን አንዴ ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ያልቃል። ለአንድ ቀን መስክ ከበቂ በላይ ነው። የድሮው ባለ ክብ ፒን ላፕቶፕሽ ይሄን አያደርግም።

ምክር፦ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀይ። ሲመለስ ነው የሚገድለው። እኔ በዚህ ሁለት ቻርጀር ቀብሬያለሁ።

ዩዝድ ይሻላል | ግንቦት 10፣ ምሽት 2:02

የሞኒተሩን ነገር አላሰብኩትም፣ እሺ። ዋጋው ላይ ግን አልተረታሁም።

አንዴ የተቃጠለ | ግንቦት 10፣ ምሽት 2:30

ዩዝድ ስለተባለ ልናገር። ዩዝድ ማክ እንዳትገዙ አልልም። እኔ ግን የገዛሁት እንዲህ ሆኗል።

ከአንድ ነጋዴ ላይ ንጹሕ የሆነ ኤር ገዛሁ። ጭረት የለውም። ዋይፋይ የለም ሱቁ ውስጥ፤ ተከፍቶ አየሁት፣ ይሠራል፣ ከፈልኩ። አምስት ወር በሰላም ሠራሁበት። አንድ ቀን ልጄ የሆነ ነገር ነካክቶ አበላሸው ብዬ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ኢንተርኔት ሲያገኝ አንድ ገጽ መጣ፦ ይህ ማሽን በአንድ የውጭ አገር ድርጅት የሚተዳደር ነው፣ የድርጅቱን መለያና የይለፍ ቃል አስገባ። የሰው ድርጅት ንብረት ነው ለካ። ነጋዴውን ስጠይቀው እሱም አያውቅ፣ እሱም ከሌላ ነው የገዛው። አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ስለዚህ ዩዝድ ማክ የምትገዙ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ሙሉ በሙሉ ያጥፋው፣ በስልካችሁ ዳታ አገናኙት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ክፈቱት። ግማሽ ሰዓት ነው። ሻጩ ካኮረፈ ይኩርፍ።

የጠገነ ያውቃል | ግንቦት 11፣ ጠዋት 4:00

እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጥገና እሠራለሁ። ከጠረጴዛዬ የማየውን ልንገራችሁ።

በቀን ከሚመጣልኝ ላፕቶፕ ብዙው “ይግላል፣ ይጮኻል” የሚል ነው። ስከፍተው ፋኑ ላይ እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ አገኛለሁ። አንዴ ከቡና መፈልፈያ የመጣ ማሽን ነበር፤ ፋኑ ውስጥ የቡና ገለባ ተሸምኖ አየሁ። በብሎወር ነፍቼ፣ ፔስት ቀይሬ እልካለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሳል። ኤሮቹ ፋን የላቸውም። ስለዚህ አቧራ የሚስብም የለም። ለጥርጊያ መንገድ ሠራተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ፣ ከባድ ሥራ ለረጅም ጊዜ ስታሠሩት ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤክሴልና ኤስፒኤስኤስ ያን አያደርጉትም። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ግን ያየዋል።

አሁን መጥፎውን ስሙኝ። ስክሪኑ ከተሰበረ፣ ከክዳኑ ጋር አንድ ላይ ነው የሚቀየረው። ኩባንያው ጅማ ቀርቶ አዲስ አበባም የራሱ ሱቅ የለውም። ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት ነው፤ ዋጋውን ልነግርሽ አልፈልግም፣ ቀንሽ ይበላሻል። ባለ 15ቱ ስክሪን ደግሞ ሰፊና ቀጭን ነው። ቦርሳ ውስጥ በጀርባ በኩል አስቀምጪው፣ የምሳ ዕቃ ከላዩ አታስደግፊ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳሽን ጣሪያ ላይ ለረዳት አትስጪ።

ካሜራ ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ መሸፈኛ ታውቁታላችሁ? እሱን ለጥፎ ክዳኑን የዘጋ ሰው ስክሪኑ ተሰንጥቆ መጥቶልኛል። በክዳኑና በኪቦርዱ መካከል ወረቀት ቢገባ ነው። ኩባንያው ራሱ አትለጥፉ ብሎ ያስጠነቅቃል። ካሜራውን ከፈራሽ ወረቀት ለጥፊና ስትዘጊ አንሺ።

ከአሜሪካ ካስመጣሽ ቻርጀሩ ቀጫጭን ጠፍጣፋ ፒን ነው። 220 ቮልት ይቀበላል፣ አትፍሪ፤ የሶኬት ማስቀየሪያ ብቻ ግዢ፣ ደኅናውን። የሚላላው ማስቀየሪያ ይፈነጥቃል። ከዱባይ ብታስመጪ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ዓረብኛ ታትሞበት ሊመጣ ይችላል፤ የሚያስጨንቅሽ ካልሆነ ይሠራል።

ሥራ መጣ፣ ልሂድ።

ኪቶ ፉርዲሳ 4ኛ ዓመት | ግንቦት 11፣ ቀን 7:20

የጠገነ ያውቃል፣ የኔ ፋንም ይጮኻል። ነገ ልምጣ?

የጠገነ ያውቃል | ግንቦት 11፣ ቀን 8:05

ና። ቻርጀርህን እንዳትረሳ፣ ሁሉም ይረሳል።

ቡና ሚዛን | ግንቦት 11፣ ምሽት 2:15

አንድ ጨምሬ ልተው። እህቴ፣ ስንት ጂቢ እንደምታዢ አልነገርሽንም። የኔ 8 ጂቢ ራም ነው፣ የ2023ቱ መነሻ እሱ ነበር፤ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ስከፍት ማቃሰት ይጀምራል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ መነሻው 16 ሆኗል፣ ስለዚህ ከዚህ ድነሻል። ማከማቻው ላይ ግን 256ቱን ወይስ 512ቱን የሚለው አለ። 512ቱ ተጨማሪ 200 ዶላር ነው። እኔ ብሆን 256ቱን ገዝቼ ከውጭ የሚሰካ ኤስኤስዲ እጨምራለሁ። አንድ ዕቃ የበለጠ ተሸከምሽ ማለት ነው፣ ግን እንደ እንቁላል ታንሻለች።

ባለ 13ቱና ባለ 15ቱ ስክሪን ልዩነት በቁጥር ከፈለግሽ፣ ትልቁ 26 በመቶ ይሰፋል። የፊደሉ ጥራት እኩል ነው። ኤክሴል ላይ የማየው ወደ ጎን ሁለት ሦስት ኮለም፣ ወደ ታች አራት አምስት ረድፍ ይጨምራል። ይሄ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን አንገትሽን ጠይቂው።

ካርቶኑን ሞከርሽው?

የሰቃ መንገደኛ | ግንቦት 11፣ ምሽት 2:40

ዛሬ ቆረጥኩ። ከነገ ጀምሮ መስክ ነኝ። እነግራችኋለሁ።

የሰቃ መንገደኛ | ግንቦት 18፣ ምሽት 3:10

መጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ካርቶንና አንድ ኪሎ ተኩል ቡና ተሸክሜ ዞርኩ። የቡና ሚዛንን አልተበደርኩም፣ ከእናቴ ጓዳ ነው።

ክብደቱ ምንም አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አስታወስኩት፣ ከዚያ ረሳሁት። ቻርጀሩን ቤት ጥዬ መውጣት ስለምችል ከባለ 13ቱ የቢሮ ላፕቶፕና ከቻርጀሩ ጋር ሳስተያየው እንደውም ሳይቀልልኝ አይቀርም።

ስፋቱ ግን ቡና ሚዛን እንዳለው ነው። ማክሰኞ አጋሮ መንገድ ላይ ቁጥር ላስተካክል ብዬ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። 45 ኪሎ ሜትር ሙሉ የአንድ አዛውንት ክርን ካርቶኑ ላይ ነበር። “ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አሉኝ። ኮምፒውተር ነው አልኳቸው። አገላብጠው አዩትና “ጊዜው ረቀቀ” ብለው ዝም አሉ። እኔ ሳቄን ይዤ አጋሮ ደረስኩ።

ሐሙስ አንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። የእናቶች መዝገብ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ይሞላዋል። ባለ 13ቱን ከመዝገቡ ጎን አጥፌም ቢሆን አስቀምጣለሁ። ካርቶኑ ግን ከጠርዙ አንድ ስንዝር ወጣ። ነርሷ ስታልፍ ሁለት ጊዜ መታችው። እውነተኛው ላፕቶፕ ቢሆን መሬት ነበር።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ሳምንቱን ሙሉ ካርቶኑን ያወጣሁት ለሙከራ ነው እንጂ ፈልጌው አይደለም። መስክ ላይ መረጃውን የምሰበስበው በስልክ ነው፣ ኮቦ በሚባለው መተግበሪያ። ላፕቶፕ የምከፍተው በቀን አንዴ፣ ከሰዓት፣ ያውም ለግማሽ ሰዓት። የቀረው ሥራ በሙሉ ማታ ቤት ነው፤ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። ለግማሽ ሰዓቷ ብዬ አምስቱን ሰዓት እያለቀስኩ ኖርኩ ማለት ነው።

ስለዚህ ባለ 15ቱን አዝዣለሁ፤ 16 በ256። 512ቱን ልል ነበር፣ የዩዝድ ይሻላል ሂሳብ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝና ተውኩት። ኤፒዳታ የድሮው ሦስት ኪሎዬ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ከእንግዲህ ከጠረጴዛ አይነሣም፣ የቁጥር ሰሌዳውም እዚያው አለ፣ ሂሳብ ሹሙ ደስ ይበልህ። ቲሲሱ ሲያልቅ እሸጠዋለሁ። የቢሮውን ባለ 13 አልመልስም፣ ለጠረጴዛ አልባ ጤና ጣቢያዎች ይሆናል።

ሂሳብ ሹሙ | ግንቦት 18፣ ምሽት 3:22

ሦስት ላፕቶፕ። ክብደት ለመቀነስ ተነሥታ።

ዩዝድ ይሻላል | ግንቦት 18፣ ምሽት 3:25

የድሮውን ስትሸጪ እኔን አስቀድሚኝ። ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?

የሰቃ መንገደኛ | ግንቦት 18፣ ምሽት 3:31

ሰባተኛ። ዊንዶውስ 11 አይቀበልም ያልከው አንተ ነህ።

ቡና ሚዛን | ግንቦት 18፣ ምሽት 3:50

እንኳን ደስ ያለሽ። አንድ ኪሎ ተኩሉ ቡናስ?

የሰቃ መንገደኛ | ግንቦት 18፣ ምሽት 3:52

አርብ ማታ ተቆላ።